በደጃችን ያለው ባሕር፤ ስለ ባብ ኤል መንደብና ስለ ዓደን ባሕረ ሰላጤ ጅረቶችና አዙሪቶች

ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ባሕር የሚያይ ሰው የለም። በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው በኩል ሜዳና አሸዋ ነው፤ ወንዛችን ደቻቱ እንኳ ከዓመቱ አብዛኛውን ወራት ውሃ የሌለበት የአሸዋ ጐዳና ነው። ይሁን እንጂ ከተማችን የባሕር ልጅ ናት ብል የሚቃወመኝ የሚኖር አይመስለኝም። የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ፤ ከተማይቱም ከባቡር ጣቢያው ጋር አብራ ተቈረቈረች። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።) ዛሬም ሀገራችን ከውጭ ከምታስመጣው ዕቃ አብዛኛው የሚገባው በጅቡቲ ወደብ ነው። ከእስያ የሚመጣው በዓደን ባሕረ ሰላጤ፣ ከኤውሮጳ የሚመጣው ደግሞ በስዊስ ቦይና በቀይ ባሕር አድርጎ በባብ ኤል መንደብ ሰርጥ ያልፋል። ሰርጥ ማለት ሁለት ባሕሮችን የሚያገናኝ ጠባብ የውሃ መተላለፊያ ነው። እኛ የምንጽፍበት ወረቀት፣ ወላጆቻችን የሚገዙት ዘይትና ስኳር፣ ገበሬው የሚዘራበት ማዳበሪያ ብዙው በዚያ ውሃ ላይ ተንሳፎ የመጣ ነው።

በመልክዐ ምድር መጽሐፋችን ካርታ ላይ ይህ ባሕር አንድ ዓይነት ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ይታያል። እኔም ስለ እርሱ ማንበብ እስከ ጀመርሁበት ጊዜ ድረስ የባሕር ውሃ ማለት ነፋስ ሲመጣ የሚናወጥ፣ ነፋስ ሲቆም ዝም የሚል የተኛ ውሃ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በባብ ኤል መንደብ የላይኛው ውሃ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ የታችኛው ወደ ተቃራኒው ይሄዳል፤ በዓደን ባሕረ ሰላጤም ከሐረርጌ አውራጃዎች አንዳንዶቹን ሙሉ በሙሉ ሊሸፍኑ የሚችሉ ግዙፍ አዙሪቶች ቀስ ብለው እየተሽከረከሩ ወደ ጅቡቲ ይጓዛሉ። በላያቸው ላይ የሚያልፈው መርከበኛ አያያቸውም። እኔ የዚህን ነገር ምክንያቱንና አሠራሩን በተቻለኝ መጠን ላስረዳ እሞክራለሁ።

መነሻው ትነት ነው። ቀይ ባሕር ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ሲኖረው ዓመቱን ሙሉ የሚፈስበት አንድም ትልቅ ወንዝ የለም፤ የሚዘንብበትም ዝናብ እጅግ ጥቂት ነው። ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ግን በየዓመቱ 2 ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ውሃ ከላዩ ይወስዳሉ። ይህን ለማመን ለድሬዳዋ ሰው ብዙ ማስረጃ አያስፈልገውም፤ በግንቦት ወር በግቢው ውስጥ ባልዲ ውሃ ያስቀመጠ ሰው በሳምንቱ ምን ያህል እንደ ጐደለ ያውቃል። እንግዲህ የሚጐድለውን የሚተካ ውሃ ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት፤ የስዊስ ቦይ በ1869 ቢከፈትም ለዚህ ሥራ እጅግ ጠባብ ነው፤ የሚቀረው በር ባብ ኤል መንደብ ብቻ ነው።

ነገር ግን ሁለተኛ ጥያቄ ይነሣል። ፀሐይ የምትወስደው ውሃውን ብቻ ነው፤ ጨውን ትታው ትሄዳለች። በበሩ የሚገባው ውሃ በየዓመቱ ጨው ይዞ እየገባ ጨው ሳይወጣ ቢቀር ኖሮ ቀይ ባሕር እስከ ዛሬ ድረስ የጨው ማሳ በሆነ ነበር። ለዚህ ምስክር የሚሆን ሥፍራ ሩቅ አይደለም። በጅቡቲ የሚገኘው የአሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ የባሕር ውሃ በመሬት ስንጥቅ ውስጥ እየሰረገ ይገባበታል፤ ተመልሶ የሚወጣበት መንገድ ግን የለውም። ስለዚህ ውሃው እየተነነ ጨው እየቀረ ሄዶ ሐይቁ ከባሕር ውሃ 10 እጥፍ ያህል ጨዋማ ሆነ፤ በዳርቻውም የአፋር ነጋዴዎች በግመል ሲጭኑት የኖሩት ነጭ የጨው ሜዳ ተነጠፈ። ቀይ ባሕር እንደ አሳል ያልሆነው ጨው የሚወጣበት መንገድ ስላለው ነው፤ መንገዱም በዚያው በር በታች በኩል ነው።

ምን ያህል ውሃ ይወጣል? ይህን በመርከብ ሳንሄድ እዚሁ በክፍላችን ልናሰላው እንችላለን፤ የሚጠይቀው ትንሽ አልጀብራ ብቻ ነው። የቀይ ባሕር ስፋት 438,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ በ2 ሜትር ሲባዛ በዓመት 876 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በያንዳንዱ ሴኮንድ 28,000 ኪዩቢክ ሜትር ያህል ውሃ ይተናል ማለት ነው። ወደ ውስጥ የሚገባው ውሃ በኪሎ ግራም 36.5 ግራም ያህል ጨው ሲኖርበት፣ የሚወጣው 39.5 ግራም ያህል አለበት። የሚወጣውን ውሃ «መ» ብለን እንሰይመው። የሚገባው ውሃ የሚወጣውንና የሚተነውን መተካት ስላለበት «መ + 28,000» ይሆናል። የሚገባው ጨው ከሚወጣው ጨው ጋር እኩል መሆን ስላለበት ደግሞ (መ + 28,000) × 36.5 = መ × 39.5 ብለን እንጽፋለን። ሲፈታ መ = 28,000 × 36.5 ÷ 3 ይሆናል፤ ውጤቱም በሴኮንድ 340,000 ኪዩቢክ ሜትር ያህል ነው። የእኛ ዓባይ በሱዳን ወሰን ላይ በዓመት የሚያሳልፈው ውሃ 49 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በሴኮንድ ሲታሰብ 1,550 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ከባብ ኤል መንደብ በታች በኩል ማንም ሳያየው የሚፈሰው ጨዋማ ውሃ ከ200 ዓባዮች ይበልጣል።

እኔ ይህን ቁጥር ባገኘሁ ጊዜ አንድ ዜሮ የጨመርሁ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ደግሜ አሰላሁት። ኋላም በ1995 እና በ1996 ስቲቨን መሪና ዊልያም ጆንስ የተባሉ የአሜሪካ የባሕር ተመራማሪዎች መለኪያ መሣሪያዎችን በሰርጡ ውስጥ በመልሕቅ አስረው በቀጥታ የለኩትን አነበብሁ፤ የዓመቱ አማካይ በሴኮንድ 370,000 ኪዩቢክ ሜትር ያህል ሆኖ አግኝተውታል። በእርሳስና በወረቀት የተገኘው ከዚያ ይህን ያህል ሳይርቅ መቅረቱ ለእኔ ከሒሳብ ትምህርት ሁሉ የበለጠ ደስ ያሰኘኝ ነገር ነው።

ከላይና ከታች በተቃራኒ መሄዱን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ተማሪ እንዲህ ያድርግ። አፋቸው እኩል የሆነ ሁለት የመስተዋት ጠርሙሶችን ያምጣ። አንዱን ንጹሕ ውሃ ይሙላ፤ በሌላው ጨው በደንብ አሟሙቶ ጥቂት ሰማያዊ የጽሕፈት ቀለም ያንጠባጥብበት። የንጹሑን አፍ በቀጭን ካርቶን ሸፍኖ፣ በባለ ቀለሙ ላይ ገልብጦ አፍ ለአፍ ያጋጥማቸው፤ መጋጠሚያውንም አንድ ጓደኛው አጥብቆ ይያዝለት። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ በሳፋ ላይ በጐናቸው አጋድሞ ካርቶኑን ስቦ ያውጣ። ሰማያዊው ጨዋማ ውሃ ከባድ ነውና በመጋጠሚያው በታች በኩል እየተሳበ ወደ ንጹሑ ጠርሙስ ሲገባ፣ ንጹሑ ደግሞ በላዩ በኩል ወደ ሰማያዊው ይገባል። ሁለቱ ውሃዎች በአንድ ጠባብ አፍ ውስጥ ሳይጋጩ ይተላለፋሉ። ጠርሙሶቹ ሁለቱ ባሕሮች፣ አፉ ባብ ኤል መንደብ መሆኑ ነው። (ሳፋውን አትርሱ፤ የጽሕፈት ቀለም ከልብስ አይለቅም።) ሉዊጂ ማርሲሊ የተባለ ኢጣልያዊ የዛሬ 350 ዓመት ገደማ በቁስጥንጥንያ አጠገብ ባለው በቦስፎር ሰርጥ ይህንኑ የመሰለ ነገር ተመልክቶ፣ በመካከሉ ግድግዳ ባለው ሣጥን ውስጥ ቀለም የገባበት ጨዋማ ውሃ ጨምሮ ፈትኖት ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ ከእርሱ በፊት ያውቁት ኖሮ ወደ ታች የጣሉት መረብ ወደ ተቃራኒው እንደሚሳብ ነግረውታል።

አሁን ወደ ሰርጡ እንመለስ። ባብ ኤል መንደብ በዐረብኛ የእንባ በር ማለት እንደ ሆነ በከተማችን ብዙ ሰው ያውቃል። ጠባቡ ሥፍራ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ የፔሪም ደሴትም ለሁለት ትከፍለዋለች። ከዚያ ወደ ሰሜን 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ፣ የባሕሩ ወለል እንደ በር ደፍ ከፍ ብሎ ይገኛል። ደፉ ላይ ጥልቀቱ 137 ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን በስተ ውስጥ ግን ቀይ ባሕር ከ2,000 ሜትር በላይ የሚጠልቅባቸው ሥፍራዎች አሉት። ከባዱ ጨዋማ ውሃ ከደፉ በላይ ያለው ብቻ ተሻግሮ ይወጣል፤ ከዚያ በታች ያለው እንደ ማሰሮ ውሃ እዚያው ይቀራል።

በክረምትና በበጋ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ የላይኛው ውሃ ይገባል፤ የታችኛው ይወጣል፤ ልክ እንደ ጠርሙሱ። የሚወጣው ውሃ በየካቲት ወር ግድም እጅግ ይበረታል፤ በሴኮንድም 700,000 ኪዩቢክ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ሰኔ ሲገባ ግን በቀይ ባሕር ደቡብ ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ የላይኛውን ውሃ እየገፋ ወደ ውጭ ያስወጣዋል። በዚያን ጊዜ ከዓደን ባሕረ ሰላጤ መካከለኛ ጥልቀት ቀዝቃዛ ውሃ በመሃል ሰርጎ ወደ ቀይ ባሕር ይገባል፤ ከሥር ያለው ጨዋማ ጅረትም ደክሞ ከየካቲቱ አንድ ዐሥረኛ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ በክረምት ሰርጡ ባለ ሦስት ፎቅ ይሆናል ማለት ነው፤ ላይ ወጪ፣ መሃል ገቢ፣ ታች ወጪ። ያ ቀዝቃዛ ውሃ ለባሕር እንስሳት የሚሆን ምግብ ይዞ ስለሚገባ የቀይ ባሕር ደቡብ ሕይወት በእርሱ ላይ የቆመ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ በሩ ነው። አዙሪቶቹ ግን የሚመጡት ከውጭ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል ነው። አዙሪት ምን እንደሚመስል ደቻቱ ሲሞላ ከድልድይ ላይ ሆኖ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። (የ2006ን ጐርፍ ያዩ ታላላቆቻችን ስለዚህ ወንዝ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።) ጐርፉ ከምሰሶው ጋር ሲላተም ከምሰሶው በስተጀርባ ትንንሽ ክቦች እየተፈጠሩ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዘው እየዞሩ ወደ ታች ይወርዳሉ። የባሕሩም አዙሪት እንዲሁ ከኃይለኛ ጅረት ጐን የሚቆረጥ የሚዞር ውሃ ነው፤ ልዩነቱ መጠኑና ዕድሜው ነው። የደቻቱ አዙሪት አንድ ክንድ ቢሆን ነው፤ በአፍታም ይጠፋል። የባሕረ ሰላጤው አዙሪት ከዳር እስከ ዳር 250 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ለወራት ይኖራል፤ ወደ ታችም እስከ 1,000 ሜትር ጥልቀት ድረስ ውሃውን ያዞራል። እንዲህ ያለ ትልቅ አዙሪት ተሰብስቦ የሚኖረው መሬት ስለምትዞር ነው፤ በምድር ወገብ ሰሜን የሚሄድን ውሃ የመሬት መዞር ወደ ቀኙ ስለሚገፋው፣ ውሃው በቀጥታ ከመበተን ይልቅ ዙሪያውን ይሄዳል።

የእነዚህ አዙሪቶች አባት የሶማልያ ጅረት ነው። በዓለም ላይ ካሉት ታላላቅ ጅረቶች ይህን የሚመስል ጠባይ ያለው ጥቂት ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ አቅጣጫውን ይለውጣልና። በክረምታችን፣ ለእኛ ደጋ ዝናብ በሚዘንብበት ወራት፣ ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው የሞንሱን ነፋስ ሲበረታ ጅረቱ የሶማልያን ጠረፍ ይዞ በሴኮንድ ከ2 ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ይገሠግሣል፤ በበጋ ነፋሱ ሲገለበጥ እርሱም ወደ ደቡብ ይመለሳል። በሐምሌና በነሐሴ ከጠረፉ አጠገብ ከ400 እስከ 500 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው «ታላቁ አዙሪት» የሚባል ክብ ይፈጠራል። አሌክሳንደር ፊንድሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በ1866 ለመርከበኞች በጻፈው መምሪያ ላይ ገልጾታል። ጅረቱና አዙሪቶቹ ሲላሉ ከእነርሱ የሚቆረጡ ክቦች በጓርዳፉይ ርእሰ ምድርና በሶቆጥራ ደሴት መካከል አድርገው ወደ ዓደን ባሕረ ሰላጤ ይገባሉ። ከዚያ በቀን 5 ወይም 6 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ይሄዳሉ። ባሕረ ሰላጤው 900 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚረዝም አንድ አዙሪት ሳይሞት ጅቡቲ አጠገብ ለመድረስ 5 ወር ግድም ያስፈልገዋል። ግመል እንኳ በሳምንታት ትጨርሰው ነበር።

ለመሆኑ ማንም የማያየው ነገር እንዴት ታወቀ? በመጀመሪያ በሳተላይት ነው። ወደ ቀኝ የሚዞር አዙሪት መሃሉ ከዙሪያው በጥቂት ዐሥር ሴንቲ ሜትሮች ከፍ ይላል፤ ወደ ግራ የሚዞረው መሃሉ ይጐደጕዳል። በ1992 ወደ ሰማይ የተላከችው ቶፔክስ ፖሴይዶን የተባለችው ሳተላይትና ከእርሷ በኋላ የመጡት የባሕሩን ፊት ከፍታ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ልዩነት ለመለካት ቻሉ። ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ውሃ ላይ የአንድ ክንድ ከፍታን ከሰማይ ሆኖ መለየት፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ በጨረቃ ላይ ከመርገጥ የማያንስ ጥበብ ነው።

ሳተላይት ግን ከባሕሩ ፊት በታች አያይም። ስለዚህ በ2001 የአሜሪካ ተመራማሪዎች የቀይ ባሕር ጨዋማ ውሃ ከሰርጡ ከወጣ በኋላ የት እንደሚደርስ ለማወቅ በሁለት መርከቦች ሁለት ጊዜ መጡ፤ አንድ ጊዜ በበጋ፣ አንድ ጊዜ በክረምት። ከመሪዎቹ አንዷ በዉድስ ሆል የባሕር ምርምር ተቋም የምትሠራው ኤሚ ባወር ነበረች። ይህች ሴት ገና በከፍተኛ ትምህርት ላይ ሳለች የዓይኗ ብርሃን እየደከመ ሄዶ ለማየት እጅግ የምትቸገር ሆነች፤ ሆኖም ጽሑፍን በሚያጐሉና በድምፅ በሚያነቡ መሣሪያዎች እየተረዳች የማንም ዓይን የማይደርስበትን ጥልቅ ውሃ መመርመር ቀጠለች። በሁለተኛው ጉዞ ደግሞ በሶማልያ ጠረፍ አቅራቢያ የባሕር ወንበዴዎች በመርከቧ ላይ ተኩሰውባት አምልጣለች።

ያደረጉት ነገር ለተማሪ የሚገባ ነውና ልዘርዝረው። ረጃጅም የመስተዋት ቱቦዎችን አዘጋጁ፤ የያንዳንዱ ክብደት 650 ሜትር ጥልቀት ሲደርስ በዚያ ካለው ውሃ ክብደት ጋር እኩል እንዲሆን ተመዘነ። ስለዚህ ቱቦው ወደ ወለልም ሳይወርድ ወደ ላይም ሳይወጣ ከውሃው ጋር አብሮ ይሄዳል። በባሕረ ሰላጤው ውስጥ በተወሰኑ ቦታዎች ድምፅ የሚያሰሙ መሣሪያዎች በመልሕቅ ታሰሩ፤ እነርሱም በተወሰነ ሰዓት ይጮኻሉ። ድምፅ በባሕር ውስጥ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል። ቱቦው የመጀመሪያውን ጩኸት ከ100 ሴኮንድ በኋላ ቢሰማ ከዚያ መሣሪያ 150 ኪሎ ሜትር ርቆ ይገኛል፤ ሁለተኛውን ከ200 ሴኮንድ በኋላ ቢሰማ ከዚያኛው 300 ኪሎ ሜትር ርቋል። በካርታ ላይ ሁለቱን ክቦች በኮምፓስ ስንሥል የሚቋረጡበት ነጥብ ቱቦው ያለበት ቦታ ነው። ቱቦው ይህን ሁሉ በሆዱ እየመዘገበ ከቆየ በኋላ የተሸከመውን ብረት ጥሎ ብድግ ይላል፤ ከባሕሩ ፊት ላይም ሆኖ የመዘገበውን ለሳተላይት ያስተላልፋል።

ከዚህ የተገኘው ውጤት ዋናው ነገር ነው። ቀድሞ በመጻሕፍት ላይ ከባብ ኤል መንደብ የሚወጣው ጨዋማ ውሃ እንደ ወንዝ በአንድ ቀስት ተሥሎ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ሲፈስ ይታይ ነበር። እርግጥ ነው፣ በሰርጡ አፍ በባሕሩ ወለል ላይ ባሉት ሸለቆዎች እንደ ወንዝ ይወርዳል፤ በመንገዱም ከሌላው ውሃ ጋር እየተደባለቀ ከ400 እስከ 800 ሜትር ባለው ጥልቀት ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ግን ቀጥ ብሎ አይሄድም። ከምሥራቅ የመጡት አዙሪቶች ይይዙታል፤ ያዞሩታል፤ ይጐትቱታል፤ ቆራርጠውም ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ጠረፍ ይወስዱታል። ቱቦዎቹ የሄዱበት መንገድ በካርታ ላይ ሲታይ ሕፃን ልጅ በእርሳስ የሞነጫጨረው ይመስላል። ከብዙ ወራት በኋላ ከባሕረ ሰላጤው ያመለጠው ውሃ የአፍሪካን ጠረፍ ይዞ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ጨውነቱም በደቡብ አፍሪካ ጠረፍ በሚያልፈው በአጉልሐስ ጅረት ውስጥ ሳይቀር ተለይቶ ታውቋል።

ይህ ሁሉ ለመርከበኛ ምን ይጠቅመዋል? በሰዓት 26 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የዕቃ መርከብ የባሕረ ሰላጤውን 900 ኪሎ ሜትር በ35 ሰዓት ግድም ይጨርሰዋል። የአዙሪት ጅረት በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ያህል ሊሆን ይችላል። መንገዱን ሁሉ በስተኋላው ቢገፋው ከ32 ሰዓት ትንሽ አልፎ ይደርሳል፤ ፊት ለፊት ቢገጥመው ግን 37 ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። የ5 ሰዓት ነዳጅ በብዙ መርከቦች ሲባዛ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ወደ ቀኝ በሚዞር አዙሪት በስተደቡብ በኩል ያለፈ ወደ ምዕራብ ይገፋለታል፤ በስተሰሜን ያለፈ ይታገለዋል። ነገር ግን ከ2009 ጀምሮ በወንበዴዎች ምክንያት መርከቦች በባሕረ ሰላጤው መካከል በተከለለ የጥበቃ መንገድ እንዲያልፉ ስለ ተመከረ፣ ካፒቴኑ አዙሪቱን እያወቀም መንገዱን እንደ ልቡ ላይመርጥ ይችላል። በቢሾፍቱ በባቦጋያ ሐይቅ አጠገብ ሠልጥነው በዓለም ባሕሮች የሚሠሩ የሀገራችን ልጆች ይህን ከእኔ ይልቅ ሊያስረዱ ይችላሉ።

ከነዳጅ የበለጠው ጉዳይ አደጋ ሲደርስ ነው። በየመን ጠረፍ ከ1 ሚልዮን በርሜል በላይ ዘይት ተሸክማ ለብዙ ዓመታት ስትዝግ የቆየችው ሴፈር የተባለችው አሮጌ መርከብ ብትሰነጠቅ ዘይቱ ወዴት ይሄዳል ብለው ሊቃውንት ብዙ አስልተዋል። መልሱ በወሩ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ በበጋ ቢሆን የላይኛው ጅረት ወደ ሰሜን፣ ወደ ቀይ ባሕር ውስጥ ይይዘዋል፤ በክረምት ቢሆን በሰርጡ አድርጎ ወደ ዓደን ባሕረ ሰላጤ፣ ማለት ወደ እኛ ወደብ አቅጣጫ ያወጣዋል። ደግነቱ በ2023 ዘይቱ ወደ ሌላ መርከብ ተገለበጠ። በ2024 በየካቲት ወር ግን ሩቢማር የተባለች መርከብ 21,000 ቶን ያህል ማዳበሪያ እንደ ጫነች በሚሳይል ተመትታ፣ ሰዎቿ ከለቀቋት በኋላ መልሕቋን እየጐተተች ለ2 ሳምንት ገደማ በጅረቱ ስትነዳ ቆይታ ሰመጠች። ስትነዳም በባሕር ወለል ላይ የተዘረጉትን የመገናኛ ገመዶች መልሕቋ ሳይበጥሳቸው አልቀረም ተባለ። ሰው የሌለባትን መርከብ የሚመራት ያ ከላይ በቁጥር ያየነው ውሃ ነው።

በመጨረሻ ወላጆቻችንም መምህራኖቻችንም የሚያውቁትን አንድ ነገር ላንሣ። በዚህ ሰርጥ አካባቢ የሚያልፉት ትላልቅ መርከቦች ብቻ አይደሉም። ከሐረርጌም ከሌላውም የሀገራችን ክፍል የሚነሡ፣ ብዙዎቹ በእኛ ዕድሜ ያሉ ልጆች በጅቡቲ በኦቦክ በኩል በትንንሽ ጀልባ ወደ የመን ይሻገራሉ። በ2024 በሚያዝያ ወር ግድም፣ በ2 ሳምንት ልዩነት፣ ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ ጠረፍ ተገልብጠው ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ልጆቹን የሚያታልላቸው የባሕሩ ጠባብነት ነው ይላሉ፤ በጠራ ቀን የማዶው ተራራ ይታያል፤ ከድሬዳዋ ሐረር እንኳ ከዚያ ይርቃል። የባሕር ሙላትና ሽሽት የሚያመጣው ጅረት ነፋሱን ፊት ለፊት ሲገጥመው ግን ሞገዱ አጥሮና ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ከሚገባው በላይ ለተጫነች ጀልባ እጅግ ክፉ ነው።

ነፋስም ሞገድም የሌለበትን ሌሊት እናስብ። በበጋ ወራት አንዲት ጀልባ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ በሰርጡ መካከል ሞተርዋ ቢጠፋባት፣ የላይኛውም ጅረት በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ብቻ ቢሄድ፣ ይህ በሰዓት 1.8 ኪሎ ሜትር ነው። እስከ ጧቱ 4 ሰዓት ድረስ 16 ሰዓት አለ፤ 16 × 1.8 = 28.8 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጀልባዪቱ የሰርጡን ስፋት ያህል ተጕዛለች ማለት ነው። የተጓዘችው ግን ወደ ሰሜን፣ ወደ ቀይ ባሕር ውስጥ ነው፤ ወደ የመንም ሆነ ወደ ጅቡቲ አንድ ሜትር እንኳ አልቀረበችም።